የአንገቴ ክታብ የተከፈተ ዕለት

በሽታውስ ተቻለ፤ ያልተቻለኝ ሰው ነው።

ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቫይረሱ በቀን የሚጠይቀኝ አንዲት ፍሬ ኪኒን ብቻ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ። እሷን ከዋጥሁ በኋላ እስከ ማግስቱ አንገናኝም። እሱ ተኝቶ ይውላል፣ እኔ ድንቼን እነግዳለሁ። ሐኪሞቹም «በምርመራ እስክናጣው ድረስ ቀንሷል፤ መድኃኒትሽን እስካላቋረጥሽ ድረስ በግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም» ካሉኝ ቆይተዋል። የእኔ መከራ ኪኒን መዋጥ አልነበረም። የእኔ መከራ የምውጥበት ቦታ ማግኘት ነበር።

እስቲ ፍረዱኝ። የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ድንቹን የምገዛው ደግሞ ጉና ሥር ካሉ ገበሬዎች ስለሆነ በሄድሁ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ማደር አለብኝ። የሚታደረው አንድ ቤት ውስጥ ከሰውም ከበጉም ጋር ነው። የእንግዳ ቦርሳም በእኛ አገር የእንግዳው ብቻ አይደለም። ገና አረፍ ከማለቴ «የሻረግ፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ብለው ይዘረግፉታል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ በተንቀሳቀስሁ ቁጥር እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ጥጥ ብጠቀጥቅበት «ይኸ ጥጥ ለምንሽ ነው?» አሉኝ። የስልኬ ደወል አንድ ሰዓት ላይ ሲጮህ «የጸሎት ሰዓቴ ነው» ብዬ ስለዋሸሁ በአገሩ ሁሉ ጸሎተኛ ተባልሁ። ሴቶቹ «በጸሎትሽ አስቢን» ይሉኛል። እኔ የማስበው ኪኒኔን ነበር።

መድኃኒቱን የማመጣበትም ሌላ ጣጣ ነበር። ከቤቴ ብዙም ሳልርቅ ማግኘት ስችል፣ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ በየሦስት ወሩ ይፋግ ድረስ እሄዳለሁ። «ይፋግ ምን አለሽ?» ሲሉኝ «ነጭ ሽንኩርት» እላለሁ። እንዲህ ብሎ ባዶ እጅ መመለስ ስለማይቻል እውነትም እገዛለሁ። ቤቴ ነጭ ሽንኩርት በነጭ ሽንኩርት ሆነ። ጎረቤቶቼ «ምስኪን፣ ቡዳ እንዴት ብትፈራ ነው!» ማለት ጀመሩ።

ክታቡን ያመጣው ይኸ ሁሉ ጭንቅ ነው።

አንድ ቀን ገበያ ላይ ድንቼን ዘርግቼ ሳለሁ፣ በዚህ አገር ሰው ፈርቶ የማይነካው ነገር ምን አለ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ለካ መልሱ በየሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ክታብን ደብተራ ጽፎ በቆዳ ካሰፋው በኋላ የሚከፍተው የለም። ከተከፈተ ኃይሉ ይረክሳል፣ የከፈተውም ሰው ጦሱ አይለቀውም ይባላል። ልጅ እንኳ አይነካካውም። እኔም ወደ ቆዳ ሰፊው ወደ አባባ ይማም ሄድሁ።

«ውስጡ ምን ላድርግበት?» አሉኝ።

«ባዶውን ስፉልኝ አባባ። ከጀርባው ሰው የማያየው መክፈቻ አብጁለት።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ያን ጊዜ ገና ከሲታ ነበርሁ። ምንም አልጠየቁኝም። ሥራውን ሲያስረክቡኝ ግን «ርጥበት እንዳይገባው ውስጡን ሰም ቀብቸዋለሁ» አሉኝ። ያወቁብኝ ይመስለኛል። ነፍሳቸውን ይማረውና ለማንም አልተናገሩም።

ክታቡ አራት ኪኒን ይይዛል። ባንገቴ አጥልቄው ጉናን ስወጣ ስወርድ ስምንት ዓመት ኖርሁ። ጠዋት ደወሉ ሲጮህ ከቤት ጀርባ ዞር እላለሁ፣ አንዲቱን አውጥቼ እውጣለሁ፣ አማትቤ እመለሳለሁ። እንዴት ያለ ብልኀት ነው እያልሁ ራሴን አደንቅ ነበር።

ያላሰብሁት ነገር ሰው እኔን እያየ መሆኑን ነው። የጉና ሰዎች ባሌ ከሞተ በኋላ አጥንቴ ቀርቶ አይተውኝ ነበር። ክታቡን ካጠለቅሁ ወዲህ ደግሞ ወዛሁ፣ ጉንጭ አወጣሁ፣ ድንች በጆንያ መሸከም ጀመርሁ። እነሱም ደምረው ቀንሰው «ያዳናት ክታቧ ነው» አሉ። መካድ ነበረብኝ። እኔ ግን እንዲያውም ተመቸኝ። ማን እንደጻፈልኝ ሲጠይቁኝ «ከላስታ የመጣ ደብተራ ነው» አልሁ። የት እንደሚገኝ ሲጠይቁኝ ደግሞ እንዲገላግለኝ ብዬ «ሞቷል» አልሁ። እንዲህ ብዬ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የቀረ ክታብ ባለቤት ሆንሁ። የሰፈሩ ቄስ፣ ቄስ ሞገስ ብቻ መስቀል ሲያሳልሙኝ ፊታቸውን አጥቁረው «ይኸን የጠንቋይ ዕቃ አሁንም አላወለቅሽውም?» ይሉኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ እርግማናቸውን እጠጣለሁ።

ጉና ሥር የማርፈው አበልጆቼ ዘንድ ነው፤ እናኑና አያ ደሴ ይባላሉ። ሴት ልጃቸውን አገሬን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። አገሬ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከሚውል ልጅ ጋር ተጋብታ ወደዚያው ወርዳ ነበር። ባሏ ሞተ ተባለ፤ «ወባ ነው» አሉ። እሷም ከአባት ከእናቷ ቤት ተመለሰች።

ታሪኩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ የገብሱ አጨዳ ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሼ ገና በሩ ላይ ሳለሁ እናኑ ጉልበቴን አቀፈችው።

«አበልጄ፣ ማርያም ናት የላከችሽ! ልጅሽ አለቀችብኝ!»

ገብቼ አየኋት። መደቡ ላይ፣ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ገብቷል፣ ታስላለች፣ አፏን ስትከፍት ምላሷ ነጭ ነው። እኔ ይኸን ፊት አውቀዋለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በመስተዋት ያየሁት የራሴ ፊት ነው። ምን እንዳላት በእርግጥ ለማወቅ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ለመፍራት ግን ያየሁት በቃኝ።

አያ ደሴ «ነገ ወደ ደብረ ታቦር ልናወርዳት ነው» አሉኝ። «ስምንት ሰው ለምኛለሁ። በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ያደርሷታል። በአጨዳ ወራት አንድ ቀን መለመን ቀላል እንዳይመስልሽ።»

ደስ አለኝ። በልቤ «እሰይ፣ ሐኪም ያየዋል፣ እኔም ሳልናገር ነገሩ ያልቃል» አልሁ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲናገርለት ይፈልጋል።

እናኑ ግን ዓይኗን ከአንገቴ ላይ አልነቀለችም።

«አበልጄ፣ እስከዚያው ክታብሽን አውሽን።»

«ምን ያደርግልሻል? ነገ ሐኪም ያያት የለም እንዴ!»

«እስከ ነገ ማን አድርሷት! አንች ሞተሽ የተነሳሽበት አይደለም?»

«እናኑ፣ ክታብ ለተጻፈለት ሰው እንጂ ለሌላ አይሠራም።»

«ልጅሽ አይደለችም? ደምሽ ባትሆን መንፈስሽ ናት! እኔስ ለራሴ ብለምንሽ ባልሰጠሽኝ። ለክርስትና ልጅሽ ትነፍጊያለሽ?»

ይኸን ጊዜ አገሬ ወደ እኔ ተጠጋች። ድምፅ የላትም፤ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«እማ፣ ስጭኝ» አለችኝ። «ባሌ ሲሞት ሐኪሞቹ ተመርመሪ ብለውኝ ነበር። ፈርቼ ጠፍቼ መጣሁ። ሆስፒታል ሂጄ ስሙን ከምሰማው እንዳንች ክታብ ይዤ ብድን ይሻለኛል። አንችስ ሳትመረመሪ ድነሽ የለም?»

ምን ልበላት? ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጣ። እናቷ እንባዋን እያፈሰሰች፣ አባቷ በሩ ላይ ቆመው፣ ሁለት ጎረቤቶች ምድጃው ዳር ተቀምጠው ያዩኛል። ስምንት ዓመት የተሸከምሁትን በአንድ ትንፋሽ ማውረድ አቃተኝ። ፈታሁት፤ በአገሬም አንገት ላይ አሰርሁት። እናኑ እልል አለች።

እንግዲህ አስቡት። ሊያድናት የሚችለው መድኃኒት ከደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ ሰም ተቀብቶ። አፏ ከዚያ አንድ ስንዝር አይርቅም። እሷም እጇን ጭና በእምነት ትዳብሰዋለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እናኑ «ዝም በሉ፣ የጸሎት ሰዓቷ ነው!» አለች፤ ቤቱ ጸጥ አለልኝ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አንገቴ ሄደ፣ ባዶ ነው። ይሉኝታ ይዞኝ ከቤት ጀርባ ዞርሁ። አመዳዩ መሬቱን አንጥቶታል፣ የጉና ብርድ ከጫማዬ ሥር ይገባል። የምውጠው ነገር ሳይኖረኝ ዝም ብዬ ቆምሁ። አንድ ቀን ብዘል እንደማልሞት አውቃለሁ። ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዘልዬ አላውቅም ነበር፤ ለሌላ ነገር ሁሉ ብዋሽም ለመድኃኒቴ ዋሽቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ፣ ከብስጭት ነው።

ከቤት ውስጥ እልልታ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። አገሬ አጥሚት ጠጥታለች። ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰች ልጅ አንድ ጣሳ አጥሚት ጨርሳ ፈገግ ብላለች።

እናኑ «ተመልከቱ! ባንድ አዳር!» እያለች በደስታ ትዞራለች።

እኔ ግን የእምነት ብርታት መሆኑ ገብቶኛል። ሰው ተስፋ ሲያገኝ አንድ ጣሳ አጥሚት ይጠጣል። በሽታው ግን አጥሚት አይቶ አይሄድም።

ወዲያው ተሸካሚዎቹ መጡ። ስምንት ወንዶች ቃሬዛቸውን አጋድመው፣ ማጭዳቸውን ቤት ትተው። ቄስ ሞገስም መስቀላቸውን ይዘው ሊሸኙ መጥተዋል። አያ ደሴ ፊታቸው በርቶ ወጡና እንዲህ አሉ፦

«ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቱ ተሽሏታል። ወደ አጨዳችሁ ተመለሱ።»

ክንዳቸውን ያዝሁ።

«አያ ደሴ፣ ምን ማለትዎ ነው? ትውረድ እንጂ!» አልኋቸው።

«ለምን እናድክማት? አየሻት አይደል!»

«አንድ ጣሳ አጥሚት ነው የጠጣችው!»

«ትናንትና እሱንም አልጠጣች። ክታቡ ይዟታል።»

«ክታቡም ይሁን፣ ሐኪሙም ይያት! ሁለቱ ይጣላሉ?»

«በቃሬዛ አራት ሰዓት መንገላታት እኮ ነው የሻረግ። ያ ሲያንገላታት የተመለሰው ነፍስ ቢወጣስ? አንችስ ሐኪም ቤት ሂደሽ ነው የዳንሽው? ተናገሪ እስቲ!»

ተሸካሚዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዱም «እውነት ነው፣ እሷ ያለ ሐኪም ነው የተነሳችው» አለ። ሌላው «ይኸ ሐኪም ሐኪም የሚሉት ነገር እንዲያው ሰው ማመላለስ ነው» ብሎ ቃሬዛውን አነሳ። የራሴ ውሸት እግር አውጥቶ ከፊቴ ቆመ። ለስምንት ዓመት በየቤቱ ያስቀመጥሁት ቃል ተሰብስቦ ይከራከረኛል።

ቄስ ሞገስ ብቻ «አይሆንም! በክታብ ነው በሽተኛ የሚቀመጠው? ይኸ እምነት ነው?» ብለው ተቆጡ። አያ ደሴም በትሕትና «አባቴ፣ እርስዎ ክታብ እንደማይወዱ እናውቃለን» ብለው ዘጓቸው። ከተሸካሚዎቹም ሁለቱ ዞረው መውረድ ጀመሩ። ዛሬ ከሄዱ አጨዳው እስኪያልቅ አይመለሱም። እሷ ደግሞ እስከዚያ አትቆይም። ይኸን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

«ቁሙ!» ብዬ ጮህሁ። ድምፄን እኔም አላወቅሁትም።

ወደ ቤት ገብቼ አገሬን «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኋትና ክታቡን ከአንገቷ ፈታሁት። ይዤው ወጣሁ። እናኑ ከኋላዬ «ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትወስጅው?» እያለች ተከተለችኝ። ግቢው መሐል ቆሜ ገለበጥሁት፣ የጀርባውን መክፈቻ በጥፍሬ ያዝሁት።

«አትክፈችው!» አለች እናኑ፤ ክንዴን በሁለት እጇ ጨመደደችው። «ልጄን ልትገያት ነው! በማርያም፣ በልጅሽ ሞት አትክፈችው!» አያ ደሴም እጃቸውን ዘረጉ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከፈትሁት። መዳፌ ላይ አራገፍሁት። አራት ነጫጭ ኪኒን ወደቁ።

ጦስ የሚጠብቁ ሰዎች ኪኒን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አያውቁም።

«ደብተራዬ ይኸ ነው» አልሁ። «የላስታ ደብተራ የለም። ውሸቴን ነው። በደሜ ውስጥ ኤች አይ ቪ አለብኝ። ያነሳኝ ይኸ ኪኒን ነው። ሐኪም ቤት ሂጄ፣ ተመርምሬ፣ ስሙን ሰምቼ ነው የዳንሁት። ጠዋት ጠዋት ከቤታችሁ ጀርባ የምሄደው ለጸሎት አልነበረም። አገሬ ምን እንዳላት እኔ አላውቅም፤ አንገቷ ላይ ያንጠለጠልሁት ነገር ግን እንደማያድናት አውቃለሁ። ተሸከሟት!»

አንዲቱን ኪኒን አፌ ውስጥ ጣልሁ። ውኃ አልነበረኝም፤ ጉሮሮዬ ደርቆ አልወርድ አለችኝ። ስምንት ዓመት ተደብቄ ስውጥ አንድ ቀን እንኳ አላነቀችኝም፣ በሰው ፊት አነቀችኝ። ሳል ያዘኝ። አገሬ ለካ መቃኑን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። የውኃ ጣሳውን ይዛ መጥታ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ዋጥሁ። እሷ ፊቴን አየች፣ ከዚያ መዳፌ ላይ የቀሩትን ሦስቱን አየች።

«አባዬ፣ ልሂድ» አለች።

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ። «አንች ሴት፣ እኔ እኮ አስማት መስሎኝ ስምንት ዓመት አወገዝሁሽ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረው «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ጮኹባቸው፤ ራሳቸውም የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ።

ስምንት ወንዶችና አንድ ቄስ እየተፈራረቁ ቁልቁል ወረድን። ጉዞው ላይ የሆነውን ሁሉ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም። አንደኛው ተሸካሚ ከጎኔ ሆኖ ሲያስብ ሲያስብ ቆየና «የሻረግ፣ በድንቹስ አይተላለፍም?» አለኝ። ድንቹን እሱ ነው የሚሸጥልኝ! ከእሱ ማሳ ወጥቶ በእኔ ጆንያ ከተማ የሚወርደውን ድንች! ሌላው ደግሞ ባለፈው ዓመት ከእኔ ጋር ባንድ ዋንጫ ጠላ መጠጣቱን አስታውሶ ጉሮሮውን ይዳብሳል። እየሄድሁ አስተማርሁ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በዋንጫ አይተላለፍም፣ በጋቢ አይተላለፍም፣ በድንች አይተላለፍም። አፌ እስኪደርቅ ድረስ ደገምሁት።

ከሁሉ የከበደኝ የእናኑ ዝምታ ነው። ከኋላ ከኋላ ትመጣለች፣ አትናገረኝም። የመኪናው መንገድ ሲታየን አጠገቤ መጣች።

«ስምንት ዓመት» አለችኝ። «ባንድ ገበታ ስንበላ፣ ባንድ ጋቢ ስንተኛ። ከስተሽ መጥተሽ ገንፎ ያጎረስሁሽ እኔ ነኝ። እኔን ነው የፈራሽኝ?»

«አዎ እናኑ። አንችን ፈራሁሽ።»

«ምን አደርግሽ ብለሽ?»

«ጉርሻሽን የምታስቀሪብኝ መሰለኝ።»

ቀድማኝ ወረደች። መኪና ይኖራል አይኖርም የሚባልበት ሰሞን ነበር፤ እንደ ዕድል አንድ የጭነት መኪና ቆመልን። ልጅቱን ከሹፌሩ አጠገብ፣ እኛን ከጆንያ ላይ ጭኖ ደብረ ታቦር አደረሰን።

አገሬ ተመረመረች፤ የፈራችው ነገር ነበር፣ ሳንባዋም ታሞ ነበር። ይኸን የምጽፈው እሷ «ጻፊው» ስላለችኝ ነው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ጨረስሁለት፣ በልቤ። የሳንባው ሕክምና አስቀድሞ ተጀመረ፣ ቀጥሎ የቫይረሱ። ቀላል አልነበረም፣ ወራት ፈጀ፣ ግን ተነሳች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም አቅፎ ሳመኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ውሸት በቃኝ። ሁለት ደንበኞቼ ድንቼን መግዛት ተዉ። ተልጦ፣ ፈልቶ፣ በርበሬ ገብቶበት የሚበላ ድንች! አንዲት ጎረቤቴ የሰጠኋትን ነጭ ሽንኩርት መልሳ በሬ ላይ አስቀመጠችው። አንዳንዷ ደግሞ አገጯን ይዛ «አይይ፣ ምስኪን» እያለች ከንፈሯን ትመጣለች። ከሚርቀኝ ሰው ይልቅ የሚያናድደኝ ከንፈር መጣጩ ነው። ባንድ ጊዜ ሃያ ኪሎ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ሳደርግ እያየ «ምስኪን» ይለኛል።

እናኑ አራት ወር ሙሉ አኮረፈችኝ። ልጇ እኔ ቤት ተኝታ ስትታከም ልትጠይቃት ትመጣለች፣ ለእኔ ግን ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል የላትም። ፋሲካ ሲደርስ መጣች፤ ከዶሮው አንስታ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ድረስ አመጣችውና «ክፈች» አለችኝ፣ ተቆጥታ። ከፈትሁ። ስታጎርሰኝ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፣ አፌ ሞልቶ ነበርና መናገርም አልቻልሁ።

ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ መድኃኒቴን አሁን ከደብረ ታቦር ነው የምወስደው። በብልቃጡ ይዤው እሄዳለሁ፣ ይንሿሿል፣ ይንሿሿ። ሐኪሞቹም ከብልቃጡ አውጥቶ በሌላ ነገር መያዝ ጥሩ እንዳልነበረ ነግረውኝ ተቆጥተውኛል፤ ሁሉም ይቆጣኛል እንግዲህ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አይለቀኝም። እኔ ምስጢሬ የራሴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተጨንቄ፣ ተደብቄ፣ ማንንም ሳልጎዳ የኖርሁ ይመስለኝ ነበር። ዝም ማለት መብቴ ነበር፣ አሁንም የማንም ሰው መብት ነው፤ ማንም ሰው ግቢ መሐል ቆሞ ደሙን ይተርክ አልልም። እኔ ግን ዝም አላልሁም። የሌለ ደብተራ ፈጥሬ አወራሁ። ያ ደብተራ ያችን ልጅ ሊገድላት ነበር። ያን ሳስበው አሁንም በራሴ እበሳጫለሁ።

ባዶው ክታብ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አገሬ ለብቻዋ ቤት ስትይዝ እንድሰጣት ጠይቃኝ ነበር፤ ከለከልኋት። አሁን እሷ ድንች ከጉና ታወርዳለች፣ እኔ ከተማ ተቀብዬ እሸጣለሁ።

እናኑ ደግሞ እንዲህ ሆናለች። ገበያ ቀን አህያዋን እየነዳች ስትመጣ፣ ገና ከገበያው ማዶ ሳለች፣ ሰው ባለበት፣ ዕቃ ባለበት፣ ቄሱም ሼሁም ባሉበት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጮኻለች፦

«የሻረግ! ኪኒንሽን ውጠሻል?»

ስንት ጊዜ ለመንኋት። «እናኑ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂኝ፣ እኔ እኮ ደንቆሮ አይደለሁም» አልኋት። «ቀስ ብለሽ ስትውጭ ምን እንደሆንን አይቻለሁ» አለችኝ።

ስለዚህ ከድንቼ ላይ ተነስቼ እኔም እጮኻለሁ፦ «ውጫለሁ!»

«ጎሽ! ልጅሽም ውጣለች!»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገበያው በሙሉ ዞሮ ያየን ነበር። አሁን አንድ ሰው እንኳ ቀና አይልም።